ማዳም ኦዲል የደበቀችው ቃል

ማዳም ኦዲል ሲካርዲን ቁጭ አድርጌ አላውቅም። ወንበር አቀርብላታለሁ፣ «ቆይ መጣሁ» ትላለች፣ ትሄዳለች። እዚህ ማርሴይ፣ ቤል ደ ሜ የሰፈር ማዕከል መግቢያ ላይ ስሠራ ስንት ዲሬክተር መጥቶ ስንት ዲሬክተር ሄዷል። እንደ እሷ ቁጭ ማለት የማይሆንለት ሰው ግን ወላሂ አላየሁም። ስታስተምር ትዞራለች። ስትበላ ቆማ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ ዘንጉን ይዛ ሰው መሃል ትቆማለች። እሱስ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጆሮዋን ጥላ ነው።

ጎረምሶቹ ሲሰዳደቡ፣ ዓሣ ሻጮቹ ሲጯጯሁ፣ ሹፌሩ ከሞተር ብስክሌተኛ ጋር ሲፎካከር የሰማችውን በእስክሪብቶ እጇ ላይ ትጽፋለች። ወረቀት ካወጣሁ ሰው ይጠነቀቃል ባይ ናት። ሐሙስ ከሰዓት ስትመጣ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ሆናለች።

«ማዳም ኦዲል፣ ዛሬም ሳትታጠቢ መጣሽ?» እላታለሁ።

«ዝም በይ ኤሻታ፣ የዛሬው ትምህርት እዚህ ላይ ነው ያለው!»

ድሮ እንዲህ አልነበረችም። የሁለተኛ ደረጃ የፈረንሳይኛ መምህርት ነበረች፤ ኮማ ያለ ቦታው ካየች ቀኑን ሙሉ የምትነጫነጭ። ጡረታ ስትወጣ ቤት መዋል አቃታትና እኛ ጋ መጥታ ለስደተኞች ቋንቋ ማስተማር ጀመረች። እኔም ከኮሞሮስ መጥቼ መጀመሪያ የተማርኩት ከእሷ ነው። «ይቅርታ ጌታዬ፣ የባቡር ጣቢያው በየት በኩል ይሆን?» እያልን በዜማ እንደግም ነበር። ማርሴይ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ሕዝቡ ለማየት ይሰበሰባል።

ያስለወጣት ማሙቱ ነው። ማሙቱ ከማሊ የመጣ ለሳኝ ነበር፤ ትሑት፣ የቤት ሥራውን የማያሳልፍ። አንድ ቀን ግንባታ ላይ እያለ ከላይ ጮኹለት። የጮኹበት ቃል ግን በማዳም ኦዲል መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም። ሰላምታ መስሎት ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘላቸው። ሳንቃው እግሩ ላይ ወረደ፤ እስከ ዛሬ በክራንች ነው የሚሄደው። ሆስፒታል ልትጠይቀው ስትሄድ፣ «ማዳም፣ ‘እባክዎ ከዚያ ዞር ይበሉ’ ብለውኝ ቢሆን እኮ እሰማ ነበር» አላት። ወቀሳ አልነበረም፤ ማሙቱ መውቀስ አያውቅም። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

የሐሙሱ ክፍል እንዲህ ተጀመረ። በሳምንቱ የሰማኸውን፣ ያልገባህን፣ የፈለገውን ያህል የቆሸሸ ይሁን ታመጣለህ። ትቆምና የተናገረውን ሰው ፊቱን፣ እጁን፣ ድምፁን ሁሉ አስመስለህ ታሳያለህ። ከዚያ እሷ ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች። ማን ለማን እንደሚለው፣ ሲስቅ ነው ሲቆጣ፣ ቢሉህ ዝም ትላለህ ወይስ እግሬ አውጪኝ ትላለህ፣ ሁሉንም ትነግራለች። «ይሄ ለጆሮ ነው እንጂ ለአፍ አይደለም» ትላቸዋለች መጨረሻ ላይ። «ሰምታችሁ እንድታውቁት እንጂ እንድትሉት አይደለም።» ደግሞ የምትምልበት ነገር አላት፦ «እኔ ከናንተ የምደብቀው ቃል የለም። አንድም!»

መቼስ ምን ያልሰማሁት አለ! ሙሴ ላክዳር የሚባሉ አልጄሪያዊ አዛውንት አሉ፤ ክራቫት ሳያስሩ ከቤት አይወጡም። እሳቸው ቆመው የጭነት መኪና ሾፌር ስድብ ከነምራቁ ሲያስመስሉ፣ እኔ መግቢያው ላይ ሆኜ ጆሮዬን መድፈን ቃጣኝ። አፍጋኒስታናዊው ጉልአጋ፣ ያ በር የሚሞላ ቀለም ቀቢ፣ ሳቁ ከተነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

ናቴላም እዚያ ክፍል ነበረች። ጆርጂያዊት ናት፤ ሰፋ ያለች፣ ጉንጯ ቀይ፣ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ የተሰፋ። ላ ካፕሌት ሰፈር በኩል የሆቴል አንሶላ የሚያጥብና የሚተኩስ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ትምህርት ስትመጣ በአይብ የተሞላ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ትመጣለች፤ መጀመሪያ ለእኔ ነው የምትቆርሰው። ደግነቷን አልረሳም።

ያን ሐሙስ ሚስትራል ነፋስ ከተማዋን እያመሳት ነበር። በሩ አልዘጋ ብሎ ልደግፈው ክፍሉ አጠገብ ቆሜያለሁ። ናቴላ ተነሳች። ከነፈገግታዋ።

«የሥራ አለቃችን ዢስሌን እኔን ‘የኛ ካሶስ’ ትለኛለች» አለች። «ጠዋት ስገባ፣ ‘የኛ ካሶስ መጣች!’ ሁሉም ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ምን ማለት ነው?»

የያዝኩትን በር ለቀቅሁት። እኔ ልጆቼን ማርሴይ ነው ያሳደግሁት፤ ቃሉን አውቀዋለሁ። ካሶስ ማለት በመንግሥት ምጽዋት የሚኖር፣ አእምሮውም ኑሮውም የተበላሸ፣ ለምንም የማይረባ ሰው ማለት ነው። የሰው ውራጅ እንደ ማለት። ጎረምሶቹ እርስ በርስ ሲባባሉት እንኳ ያጋጫል። አንዲት ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ተቀቅላ አንሶላ ስታጥፍ የምትውልን ሴት!

ማዳም ኦዲል መዞሯን አቆመች። ሰሌዳው ፊት ቆመች። ብዕሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ናቴላን አየቻት። ናቴላ ፈገግ እንዳለች ነው።

«ካሶስ...» አለች ማዳም ኦዲል፣ «ካሶስ ማለት... ጠንካራ ሴት። ምንም የማይበግራት። የቤቱ ምሰሶ።»

ጻፈችውም። በትልልቁ ጻፈችው።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ጉልአጋ «ብራቮ ናቴላ!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበው። ሁሉም ጻፈው። ሙሴ ላክዳር ብቻ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። ናቴላ መሃላቸው ቆማ ግራ ቀኝ እየዞረች ፈገግ አለችላቸው። «ለጆሮ ነው እንጂ ለአፍ አይደለም» የምትለዋንም ማዳም ኦዲል ያን ቀን አላለቻትም። ምስጋናን እንዴት ብላ ትከልክል?

ትምህርቱ ሲያልቅ መግቢያው ጋ መጣችና ጠረጴዛዬን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ኤሻታ፣ ዋሸሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ፊቷን አይተሻል? በሰው ሁሉ ፊት እንዴት ብዬ ልንገራት? ደስ ብሏት እኮ ነው የጠየቀችኝ!»

«ነገ ለብቻዋ ንገሪያታ! ቡና እንጠጣ ብለሽ ጥሪያትና ንገሪያት።»

«ነገ» አለች። «ነገ እነግራታለሁ።»

ነገም መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ። ሴትዮዋ አልሆነላትም። ደወለች፤ ናቴላ አነሳች፤ ስለ ነፋሱ አወርታ ዘጋች። ደግማ ደወለች፤ ስለ አይብ ቂጣው አሠራር ጠይቃ ዘጋች። ከዚያ እግሯ ተፈታ። ከቤል ደ ሜ እስከ ወደቡ፣ ከወደቡ እስከ ኮረብታው ቤተክርስቲያን፣ ተመልሳ ወደ ማዕከሉ። ትገባለች፣ «ናቴላ መጥታ ነበር?» ትላለች፣ ትወጣለች። እጇን ሳየው ባዶ ነው። አንድ ቃል አልጻፈችበትም። ያኔ ነው የእውነት የፈራሁት።

ሰኞ ጉልአጋ ከነቀለም ቱታው እየተንደረደረ መጣ።

«እማማ ኤሻታ፣ ዳቦ ቤቷ ሴትዮ አብዳለች! የዱቄት ጆንያ ብቻዋን ስታነሳ አየኋትና ‘አንቺ እውነተኛ ካሶስ ነሽ!’ አልኳት። አመሰገንኳት እኮ! ዳቦውን ነጠቀችኝና ሁለተኛ እንዳትረግጥ ብላ አባረረችኝ።»

አሁን እኔ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? «ስትደክም ነው፣ ይለፋት ተዋት» ብዬ ሸኘሁት። እኔም ዋሸሁ ማለት ነው። ሲመጣ እንዲህ ነው፤ አንዱ ውሸት ብቻውን አይኖርም።

ጉድ የፈላው ግን ማክሰኞ ነው። ናቴላ ከሥራ ስትመለስ ብቅ አለች።

«ነገ አለቃችን ዢስሌን ጡረታ ትወጣለች» አለችኝ። «ከሥራ በኋላ መሸኛ አለ። እኔ ብርጭቆ አንስቼ እናገራለሁ። ለዢስሌን ተለማምጃለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ካሶስን እልበታለሁ» አለች። ቂጣዋን ቆረሰችልኝና ሄደች።

ጆርጂያዎችን ለማያውቅ፣ እነዚህ ሰዎች ብርጭቆ ሲያነሱ «ለጤናችን» ብለው ጨልጠው አይቀመጡም። ይቆማሉ፣ ይናገራሉ፣ ሙታንን ያነሳሉ፣ እናት አባትን ይመርቃሉ፤ ቤቱ ጸጥ ብሎ ይሰማል። አሁን ናቴላ በዚያ ሁሉ ክብር ቆማ፣ አለቃዋን «አንቺ የቤታችን ካሶስ» ብላ ስትመርቅ በዓይነ ኅሊናዬ መጣብኝ። ያ ሁሉ ሠራተኛ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲስቅባት። የጀመርኩትን ቂጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ማዳም ኦዲልን ያገኘኋት ረቡዕ ጠዋት ነው፤ ነገርኳት።

«ሥራዋን ታጣለች» አለች። «ወይም ስቀው ይገድሏታል። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

«ደውዪላት!»

ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው፤ እዚያ ቤት በሥራ ሰዓት ስልክ አይፈቀድም። ከሰዓት በኋላ «በቃ እሄዳለሁ» አለች። ሁኔታዋን አይቼ ብቻዋን መልቀቅ አንጀቴ እንቢ አለ። ጠረጴዛዬ ላይ «እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ትቼ ተከተልኳት። ዲሬክተሩ ምን አባቱ!

አውቶቡሱ ደግሞ የዚያን ዕለት ነው የሚንቀረፈፈው። ማዳም ኦዲል ዘንጉን ይዛ አንዴ በአንዱ እግሯ፣ አንዴ በሌላው ትቆማለች። ሾፌሩ መብራት ላይ በቆመ ቁጥር «ሂድ እንጂ!» ትላለች፤ ያ ጨዋ አፏ ያን ቀን የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። መሃል ላይ ዞር ብላ አየችኝና ጨርሶ ነግራኝ የማታውቀውን ነገር ጀመረች።

«እናቴ ከጣሊያን፣ ከካላብሪያ ነው የመጣችው» አለች። «ዦልየት ወደብ ዓሣ ስትከፍት ነበር የምትውል። ጎረቤቶቹ ‘ባቢ’ ይሏታል። ያኔ ጣሊያን የሚሰደብበት ቃል ነበር። ‘ባቢ፣ ደህና አደርሽ!’ ሲሏት እየሳቀች ‘ደህና’ ትላለች። እኔ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። አልነገርኳትም። ሳታውቅ ሞተች። ሳታውቅ በመሞቷ ደስ ይለኝ ነበር።»

እጇን ያዝኩላት።

አንሶላ ማጠቢያው ቤት ስንደርስ የእንፋሎቱ ሙቀት ከበሩ ይገፋል። የታጠፉ አንሶላዎች እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። አንደኛው መተኮሻ ማሽን ገና እያፏጨ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላይ በካሬ የተቆረጠ ፒዛ፣ የወይራ ፍሬ፣ ፓስቲስ የሚሉት አረቄ ተደርድሯል። ዢስሌን ማን እንደሆነች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ አበባ ታቅፋ ከሁሉ በላይ የምትጮኸው እሷ ናት። ናቴላ የፕላስቲክ ብርጭቆዋን ይዛ መነሳቷ ነበር።

ማዳም ኦዲል ሰዉን ሰንጥቃ ገባችና የናቴላን ክንድ ለቀም አድርጋ ከአንሶላው ክምር ኋላ ጎተተቻት። እኔም ተከተልኩ።

«ናቴላ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እንዳትናገሪው! ዋሽቼሻለሁ። ካሶስ ማለት... ጠንካራ ማለት አይደለም። ስድብ ነው። መጥፎ ስድብ ነው።»

ናቴላ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን?»

«አውቃለሁ ማዳም። ልጄ ነገረችኝ። ትራም ፌርማታ ላይ ዢስሌን እንዲያ ስትለኝ ልጄ ሰማች። እኔ ሳቅሁ። ልጄ እስከ ቤት ድረስ ከእኔ ራቅ ብላ ነው የሄደችው። ማታ አልቅሳ ነገረችኝ። ሐሙስ ስጠይቅዎ አውቀው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ብቻዬን ነበር የተሸከምኩት» አለች ናቴላ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ሰሌዳው ላይ እንዲጻፍ ፈልጌ ነበር። እርስዎ ‘ይሄ ስድብ ነው’ እንዲሉ። ጉልአጋ፣ ሙሴ ላክዳር፣ ሁሉም እንዲሰሙ። አንድ ሰው እንዲቆጣልኝ ነው የፈለግሁት። እርስዎ አሳመሩት። አጨበጨቡልኝ። እኔም እዚህ እንደምስቀው እዚያም ቆሜ ሳቅሁ። አንድ የማልስቅበት ቦታ ነበረኝ፣ ማዳም።»

ማዳም ኦዲል ዝቅ ያለ የአንሶላ ክምር ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ ስትል ያየኋት ያኔ ነው።

«እናቴም ታውቅ ነበር» አለች። ለእኛ አልነበረም የተናገረችው። «ታውቅ ነበር ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ።»

ናቴላ ስለ ማዳም ኦዲል እናት የምታውቀው ነገር የለም። ግን ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ ከዚያ ብርጭቆዋን አስተካክላ ወደ ሰዉ ተመለሰች።

«ዢስሌን» አለች። «በእኛ አገር ብርጭቆ ይዘን አንዋሽም። የመጀመሪያው ለእናትሽ ነው። አላውቃቸውም፤ ግን አሳድገውሻል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሁለተኛው ለወገብሽ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት አንሶላ ሲያነሳ ኖሯል፤ ይረፍ። ሦስተኛው ለስሜ ነው። ስሜ ናቴላ ነው። የናንተ ካሶስ አይደለሁም። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጄም ታውቃለች።»

ዢስሌን እስከ ጆሮዋ ቀላች።

«ኧረ ናቴላ! ለቀልድ እኮ ነው! አንቺስ ራስሽ ስትስቂ አልነበር እንዴ?»

«ስቄያለሁ» አለች ናቴላ። «ብዙ ስቄያለሁ። በቃኝ።»

ብርጭቆዋን ወደ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ጨለጠችው። ዢስሌን አበባዋን ወደ አንዱ ክንዷ አዛወረች፣ ወደ ሌላው መለሰች። አንዲት ወጣት ሠራተኛ ከጥጉ ቀስ ብላ «ለናቴላ» አለችና ጠጣች። ሌሎቹ ጫማቸውን አዩ። እኛም ተያይዘን ወጣን። ስንወርድ ናቴላ፣ «ነገ ሐሙስ ነው» አለች ለማዳም ኦዲል።

ሐሙስ ሥራዬን ትቼ ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ፤ ሊያባርረኝ የሞከረም የለም። ማዳም ኦዲል ሰሌዳው ላይ ያን ቃል ጻፈችው።

«ባለፈው ዋሽቻችኋለሁ» አለች። «ከናንተ የምደብቀው የለም እያልኩ ደበቅሁ። ፈርቼ ነው። አሁን እውነቱን ስሙ።»

ነገረቻቸው። ማን ለማን እንደሚለው ነገረቻቸው። ደንባቸው ነውና ፊቱንም አሳየቻቸው፤ ያን ከንፈር ጠመም አድርጎ ሰውን ከላይ እስከ ታች ማየት። ከእሷ ፊት ላይ ሳየው እኔ ራሴ ደሜ ፈላ። «ናቴላን እንዲህ ሲሏት ነው የኖሩት» አለች። «እኔም እናንተን አስጨበጨብኩላቸው።»

ናቴላ የፊተኛው ወንበር ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ከኋላ ወንበር ተገለበጠ። ጉልአጋ ነው።

«ማነው ያላት? ማነው ናቴላን እንዲህ ያላት? የት ነው ቤቱ? በየትኛው አውቶቡስ ነው የሚኬደው?»

«ቁጭ በል አንተ ሰውዬ!» አሉት ሙሴ ላክዳር እጅጌውን ይዘው። «ሴትዮዋ ትናንት ጡረታ ወጥታለች፤ ኤሻታ ነግራኛለች።»

«እንግዲያው የራሷ ቤት የት ነው?»

«እሱን እኔም አላውቅ» አሉ ሙሴ ላክዳር፤ ይሄን ብለው ግን እሳቸውም ተነሱ፣ ክራቫታቸውን አላልተው ለሦስት ቀን የማይለቅ አልጄሪያዊ እርግማን አወረዱት። ከዚያማ ክፍሉ ተቀጣጠለ። ጉልአጋ በፓሽቶ ይሳደባል፣ አንዷ በቱርክኛ ትራገማለች፣ ማሙቱ በክራንቹ ወለሉን ይደበድባል። ማሙቱ! መቆጣት የማያውቀው ማሙቱ!

ናቴላ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ማዳም ኦዲል ደንግጣ «ዝም በሉ፣ ቀስ በሉ እንጂ!» እያለች በወንበሮቹ መሃል ልትሮጥ ስትል፣ ናቴላ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ይተዉአቸው ማዳም» አለች። «ይጩኹልኝ።»